ውሻችሁ ጆሮውን ሲያክ፦ ምን ማየት፣ እንዴት ማጽዳት፣ ምን አለመጨመር

ውሻ ጆሮውን ማከክ ሲጀምር ብዙ ሰው ቶሎ የሚያደርገው የሆነ ነገር መጨመር ነው። አንዱ ቅቤ አቅልጦ ያንጠባጥባል። አንዱ ጤና አዳም ጨምቆ ይጨምራል። አንዱ ደግሞ አምና ለልጁ ጆሮ ከፋርማሲ ገዝቶት የተረፈውን ጠብታ ከመሳቢያ ፈልጎ ያወጣል። ለውሻው አስበው ነው፣ አልፈርድም። ግን የሚያሳክከው ነገር ከውሻ ውሻ ይለያያል፤ አንዱ ጋ መዥገር ነው፣ ሌላው ጋ ፈንገስ፣ ሌላው ጋ አለርጂ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ውስጥ የተሰነቀረ የሣር ዘር። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ጠብታ የለም። ይባስ ብሎ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ፣ ለወትሮው ምንም የማያደርግ ፈሳሽ እንኳ ወደ ውስጥ ዘልቆ ውሻውን ሊያደነቁረው ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ እዩ፣ አሽትቱ። ከዚያ ምክንያቱን ጠርጥሩ። ማጽዳት የሚቻል ከሆነ አጽዱ። መድኃኒት የሚመጣው ውስጡ ከታየ በኋላ ነው።

ጆሮው ከውስጥ እንዴት ነው

የእኛ የጆሮ ቀዳዳ አጭር ነው፣ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። የውሻ ግን መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይታጠፍና ወደ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ታምቡሩ ያለው ከእጥፋቱ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። እናንተ ጆሮውን ገልጣችሁ የምታዩት የመግቢያውን አፍ ብቻ ነው። ከላይ ንጹሕ መስሎ ከታች መግል ሊቋጥር ይችላል።

ይሄ አሠራር ብዙ ነገር ያስረዳል። የገባ ውኃ በቀላሉ አይወጣም። ሙቀት፣ ጨለማና እርጥበት አንድ ላይ ስለሚሆኑ ጀርም ይመቸዋል። ኮተን በድ ከላይ ስትሰዱ ደግሞ ኩኩን ታወጣላችሁ ብላችሁ ወደ እጥፋቱ ትጠቀጥቁታላችሁ። ኮተን በድ የታጠፈውን የጆሮ ቅጠል ከውጭ ለመጥረግ ካልሆነ በቀር ከውሻ ጆሮ አካባቢ ይራቅ።

ደህናውን ጆሮ እወቁት

ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ቆዳቸው ጥቁር የሆኑ ውሾች ላይ ጠቆር ሊል ይችላል። ትንሽ ፈካ ያለ ቡናማ ኩክ ቢኖረው ችግር የለውም። አይሸትም። ውሻችሁ ደህና በሆነበት ቀን ጆሮውን ገልጣችሁ አሽትቱት፣ እየቀለድኩ አይደለም። የደህናውን ጠረን የማያውቅ ሰው የታመመውን አይለየውም፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የጆሮ በሽታን ከዓይን ቀድሞ የሚይዘው አፍንጫ ነው። በሳምንት አንዴ ስትደባብሱት ሁለቱንም ጆሮ አስተያይታችሁ ማየት ይበቃል። አንዱ ከሌላው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ከሸተተ አንድ ነገር ተጀምሯል ማለት ነው።

ከዚህ ውጭ ውሻው ራሱ ይነግራችኋል። ጭንቅላቱን ደጋግሞ ያራግፋል፣ በኋላ እግሩ ያካል፣ ጆሮውን ከግድግዳ ወይም ከምንጣፍ ጋር ያሻል። ሲነኩት ያቃስታል ወይም ዞር ይላል። አንዳንዱ አጥንት መቆርጠም ያቆማል፣ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከጆሮው አጠገብ ስለሆነ ያመዋል። ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውል ውሻ ደግሞ ማንም ልብ ሳይለው ብዙ ይቆያል። ዘበኛው «ዛሬስ ተቆጥቷል» ሲላችሁ ጆሮውን ማየት አይከፋም።

የሚወጣው ነገር ምን ይጠቁማል

ጥቁር፣ ደረቅ፣ ፍርክስክስ ያለ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ በተለይ ቡችላ ላይ፣ የጆሮ ማይት መጠርጠር ነው። በዓይን እንደ ነጭ ነጥብ እንኳ ለማየት የሚያስቸግር ተባይ ነው፤ የሚያሳክከው ግን ለጉድ ነው። ቡናማ፣ ቅባት ያለውና እርሾ እርሾ የሚሸት ከሆነ ብዙ ጊዜ ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ በዝቷል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ሆኖ ሽታው የሚያስነጥስ ከሆነ ባክቴሪያ ነው የሚጠረጠረው፤ ይሄኛው ያማል፣ ቤት ውስጥም አይታከምም።

እነዚህ ግን ፍንጭ ናቸው። ፈንገስና ባክቴሪያ አንድ ጆሮ ውስጥ አብረው ይገኛሉ፣ ማይት የጀመረውንም ባክቴሪያ ይቀጥለዋል። በቀለም ብቻ መድኃኒት የሚመርጥ ሰው አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ውሻው ይከፍላል።

አንድ ነገር ግን ከቀለም በላይ ይረዳል፤ አጀማመሩ። ጠዋት ደህና የነበረ ውሻ ሣር ውስጥ ሲሮጥ ውሎ ድንገት አንዱን ጆሮ ብቻ አዘንብሎ እንደ እብድ ማራገፍ ከጀመረ፣ የሣር ዘር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እኛ ሀገር ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርቅ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተጠንቀቁ። ካሊፎርኒያና እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የጸደዩ ሣር ሲደርቅ ጊዜው የእናንተ ነው። የእነዚህ ዘሮች ጢም ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያስኬዳቸው፤ ውሻው ባራገፈ ቁጥር ወደ ታምቡሩ ይጠጋሉ። ፈሳሽ ጨምራችሁ «ይታጠባል» አትበሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ እሱ በመሣሪያ አይቶ በረጅም መቆንጠጫ ያወጣዋል።

ጆሮው የሚታመመው ለምንድን ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚስተው ይሄን ነው። ባክቴሪያውም ፈንገሱም ጤነኛ ውሻ ጆሮ ውስጥ በትንሹ አሉ። ከውጭ መጥተው አልወረሩትም። አንድ ነገር የጆሮውን ቆዳ ሲያስቆጣው ቆዳው ያብጣል፣ ኩክ ይበዛል፣ ቀዳዳው ይጠባል፣ እነሱም ይራባሉ። መድኃኒቱ የተራባውን ይቀንሳል እንጂ ያስቆጣውን ነገር አይነካም። ለዚህ ነው «አዳንኩት» ያላችሁት ጆሮ ከወር በኋላ ተመልሶ የሚሸተው።

ያ የሚያስቆጣው ነገር ጎልማሳ ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው። ሁለቱም ጆሮ በየጊዜው የሚቀላ፣ መዳፉን ሲልስ የሚውል፣ ብብቱንና ሆዱን የሚያክ ውሻ ካላችሁ የጆሮ በሽተኛ ሳይሆን የቆዳ አለርጂ ያለበት ውሻ ነው ያላችሁ። አለርጂው ከአቧራ፣ ከአበባ ብናኝ፣ ከቁንጫ ወይም ከምግብ ሊሆን ይችላል።

ምግብ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ማረጋገጫው የደም ምርመራ አይደለም፣ ሙከራ ነው። ለ8 ሳምንት ያህል ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቅ አንድ የሥጋ ዓይነት ከአንድ የድንች ወይም የእህል ዓይነት ጋር ብቻ ትሰጡታላችሁ። ሌላ ምንም የለም። ከማዕድ የተረፈ የለም፣ ከሥጋ ቤት የመጣ ሳንባ የለም፣ ልጆቹ በድብቅ የሚወረውሩት ብስኩት የለም። እውነቱን ለመናገር ሙከራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ካለ አምስቱም መስማማት አለባቸው፣ ዘበኛውም ጭምር። በነገራችን ላይ ወጥ ያለበት እንጀራ ከአለርጂውም ውጭ ለውሻ ጥሩ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ለቡችላ ወይም ለታመመ ውሻ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ ለ8 ሳምንት አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ለሚያድግ እንስሳ አይበቃም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፍ። ማይት ከእናት ወደ ቡችላ፣ ከድመት ወደ ውሻ ይተላለፋል፤ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ጉንጭ ማልፋት ነው፣ ቤት ያሉት ሁሉ አብረው ይታከማሉ። ዕድገቱን ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ ለመጨረስ 3 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት አንዴ ብቻ መድኃኒት ሰጥቶ ማቆም አይበቃም። ጆሯቸው የተንጠለጠለ ውሾች፣ እንደ ኮከር ስፓኒየልና ላብራዶር ያሉት፣ አየር ስለማይገባቸው ይብስባቸዋል። ታጥበው በደንብ ሳይደርቁ የሚቀሩ ውሾችም እንዲሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ዝናብ ሲመታው የሚያድር የግቢ ውሻ ደግሞ ደረቅ መጠለያ እስካላገኘ ድረስ ጆሮውም አይደርቅም። ያረጀ ውሻ ላይ አዲስ የጀመረ የጆሮ ችግር ከሆነ የታይሮይድ ሆርሞን መቀነስ ወይም ውስጥ ያደገ እብጠት ሊሆን ስለሚችል ማስመርመር ይሻላል።

ከማጽዳታችሁ በፊት

የታመመ ጆሮ የሚነካበት ውሻ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ ሊነክስ ይችላል። ክፋት አይደለም፣ አሞት ነው። አንድ ሰው ከጎን እቅፍ አድርጎ ይያዘው፣ አንዱ ያጽዳ። የማትተማመኑበት ከሆነ የአፍ ማሰሪያ አድርጉ። ከሌላችሁ ሰፋ ያለ ፋሻ አፉ ላይ አንዴ ጠምጥማችሁ፣ ከአገጩ ሥር አቋርጣችሁ ከጆሮው ጀርባ እሰሩት፤ ለደቂቃዎች ብቻ ነው፣ እየተነፈሰ መሆኑን እያያችሁ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ላይ ይሄን አታድርጉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት ሀገር ላይ ነን፣ ይሄን ሳልል አላልፍም። ክትባቱን የማታውቁት ውሻ፣ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩን የሚያዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃተው ከሆነ «ጆሮውን አሞት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ። ተነክሳችሁ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ተብሎ አይናቅም።

ጨርሶ ማጽዳት የሌለባችሁ ጊዜም አለ። ደም ካለ፣ ስትነኩት የሚጮህ ከሆነ፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ሲሄድ የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ወይም የሣር ዘር ከጠረጠራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ እናንተም ከውጭ ሆናችሁ አታዩትም።

አጸዳዱ

የሚያስፈልገው ለውሻ ጆሮ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ፣ ጥጥ ወይም ጎዝ፣ አሮጌ ፎጣ፣ ጓንት ነው። ማጽጃው ካልተገኘ ከፋርማሲ የሚገዛ 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን ይሆናል። ኩክ የማሟሟት ኃይል የለውም፣ ቆሻሻውን ግን በየዋህነት ያጥባል። ችግሩ እርጥብ ትቶት መሄዱ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ማድረቅ አለባችሁ።

ጠርሙሱን እጃችሁ ውስጥ ወይም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆዩት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ውሻው ይደነግጣል፣ ያዞረዋልም፣ ሁለተኛ ጊዜ ጠርሙሱን ሲያይ አልጋ ሥር ነው የምታገኙት። የጆሮውን ቅጠል ይዛችሁ ቀና አድርጉት፣ ቁልቁል የሚወርደው ቀዳዳ እንዲከፈት። የጠርሙሱን አፍ ወደ ውስጥ ሳትወትፉ ፈሳሹን ጨምሩ። ጠብ ጠብ አይደለም፤ ቀዳዳው አፍ ድረስ ሲደርስ እስክታዩ። ቁጥብነት እዚህ ላይ አይጠቅምም፣ ጥቂት ጠብታ እጥፋቱ ጋ ሳይደርስ ከላይ ይቀራል።

አሁን ቅጠሉን ሳትለቁ ከጆሮው ሥር፣ ከመንጋጋው ጀርባ ያለውን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለግማሽ ደቂቃ ያህል እሹት። እዚያ ላይ ጠንከር ያለ ቱቦ የመሰለ ነገር ይዳሰሳችኋል፣ ቀዳዳው እሱ ነው። ፏጭ ፏጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በትክክል እየሠራችሁ ነው። ብዙ ውሾች ይሄን ይወዱታል፣ እያቃሰቱ ይደገፏችኋል።

ከዚያ ልቀቁትና ያራግፍ። ፎጣውን ፊታችሁ ላይ አድርጉ፣ ግድግዳውም ከእናንተ ራቅ ይበል፤ የሚወጣው ነገር ነጭ ግድግዳ አይምርም። ማራገፉ ራሱ ሥራ ነው፣ ከእጥፋቱ በታች ያለውን ቆሻሻ ወደ ላይ የሚያመጣው እሱ ነው። ሲጨርስ ጥጡን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ጣታችሁ ያለ ግፊት እስከሚደርስበት ብቻ ጥረጉ። ጥጡ ላይ ምን እንደወጣ እዩ፣ ብትችሉ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፣ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል። ብዙ ቆሻሻ ከወጣ አንዴ ድገሙት። ለሌላው ጆሮ አዲስ ጥጥ ያዙ። ሲያልቅ ጥሩ ነገር ስጡት፣ ጉቦ ነው፣ ይሠራል።

የጆሮ ጠብታ ታዞለት ከሆነ ካጸዳችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ጆሮው እርጥብ እያለ ከጨመራችሁ መድኃኒቱ ይቀጥናል። ዛሬ ከሐኪም ጋ ቀጠሮ ካለ ግን አታጽዱ። የሚመረመረውን ነገር ጠርጋችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

በየስንት ጊዜው? ደህና ጆሮ በየጊዜው መታጠብ አይፈልግም። ከታጠበ ወይም ከዋኘ በኋላ ማድረቅ ይበቃዋል። ጆሮው የተንጠለጠለ ወይም አለርጂ ያለበት ውሻ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሲብስበት ሐኪሙ ባለው መጠን። በየቀኑ የሚያጸዳ ሰው ቆዳውን እያራሰና እየቦረሸ ራሱ በሽታ ይፈጥራል።

እነዚህን አትጨምሩ

ቅቤና ዘይት። ማሳከኩን ለአፍታ ያለሰልሱት ይሆናል፣ ግን ጨለማና ሞቃት ቦታ ላይ ቅባት ሲጨመር ፈንገሱ ደስ ይለዋል፣ ለሐኪሙም ታምቡሩን ማየት አይቻለውም። ነጭ ሽንኩርት የተነጠረበት ዘይትማ ጭራሽ። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ፌጦ፤ ለሰው የሚሆኑበት ቦታ ይኑራቸው፣ የቆሰለ የጆሮ ቆዳ ግን ያቃጥላሉ።

አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ያልቀጠነ አቼቶም ያው ናቸው፤ የቀላ ቆዳ ላይ ማፍሰስ ማቃጠል ነው፣ ውሻውም ከዚያ ወዲያ ጆሮውን አያስነካም።

ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት። ለመዥገርና ለእከክ ተብሎ አሁንም ይደረጋል። ቆዳ ይልጣል፣ ውሻው ሲልሰውና ሲተነፍሰው ሳንባውን ይጎዳል። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖንም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፣ መርዝ ነው።

ለሰው የታዘዘ ጠብታ። ውስጡ ጄንታሚሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ያለበት ጠብታ የተቀደደ ታምቡር አልፎ ከገባ የመስሚያ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ስቴሮይድ ብቻ ያለበት ደግሞ ማሳከኩን አስታግሶ ጀርሙን ያስፋፋዋል። ሐኪም አይቶ ያንኑ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል፣ ልዩነቱ ታምቡሩን አይቶ ማዘዙ ነው።

አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ለብቻው ይነገር። የከብት መርፌው 1 በመቶ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተሰላ ነው። «ትንሽ ናት» ብሎ 1 ሚሊ ሊትር 5 ኪሎ ቡችላ ላይ የወጋ ሰው 10 እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ኮሊና የአውስትራሊያ ሸፐርድ የመሳሰሉ የእረኛ ዝርያዎች፣ ጀርመን ሸፐርድም አልፎ አልፎ፣ መድኃኒቱን ከአንጎላቸው የሚከለክለው ጂን ብዙ ጊዜ ተበላሽቶባቸዋል፤ እነሱን በትንሹም ሊያንቀጠቅጣቸውና ሊገድላቸው ይችላል። ዛሬ ለማይትም ለመዥገርም የተሻሉ፣ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠቡና የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪም ጠይቁ። ፐርሜትሪን የሚባለው ፀረ ተባይ ያለበትን የውሻ ጠብታ ግን ድመት ያለበት ቤት ውስጥ አስባችሁበት ተጠቀሙ፣ ለድመት ገዳይ ነው።

መዥገር ካያችሁ

ጆሮ ቅጠሉ ላይ ወይም መግቢያው ላይ ያለውን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ጓንት አድርጉ። በወረንጦ ቆዳው ሥር፣ አፉ ጋ ያዙት፣ ሆዱን ሳትጨምቁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳትነጥቁ ሳቡ። ክብሪት አታስጠጉ፣ ቫዝሊንም ሆነ ቤንዚን አትቀቡት፤ ሲታፈን የሆዱን ነገር ወደ ውሻው ይመልሳል። በጣታችሁ አትፍረጡት፣ አልኮል ያለበት ዕቃ ውስጥ ጣሉት። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባውን ግን ለሐኪም ተዉለት።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ጥሩ የእንስሳት ሐኪም ጆሮ ሲያይ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ በመብራት መሣሪያ ታምቡሩን ያያል፣ ከቆሻሻው ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ሁለተኛው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፣ ፈንገስ ነው ባክቴሪያ ነው ማይት ነው የሚለውን የሚለየውም እሱ ነው። ሳያይ መርፌ የሚወጋ ካጋጠማችሁ በትህትና «በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል?» በሉ። መብታችሁ ነው። ሰፈራችሁ ያለው ክሊኒክ መሣሪያው ከሌለውና ችግሩ የከረመ ከሆነ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አይደለም። ጎንደር አካባቢ ላላችሁም ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። በአምስተኛው ቀን ሽታው ይጠፋል፣ ማከኩም ይቆማል፣ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚያቆመው። ሲያቆም ውስጥ የቀረው ጠንካራው ጀርም ነው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ በተለይ በዚህ ዓይነት ጅምር ሕክምና መድኃኒቶችን እየተላመደ ይሄዳል፣ በኋላ የሚገድለው መድኃኒት ይጠፋል። ስለዚህ የታዘዘላችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ለድጋሚ ምርመራ ተመለሱ፤ መዳኑን የሚወስነው ማይክሮስኮፑ ነው፣ የውሻው ዝምታ አይደለም። ለዓመታት ሲመላለስ የኖረ ጆሮ ቀዳዳው ይወፍራል፣ ይጠባል፣ ግድግዳው እንደ አጥንት ይጠነክራል። እዚያ ከደረሰ ጠብታ አይገባውም፤ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው የሚቀረው።

በዚያው ቀን የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። አንገቱን አዘንብሎ የሚዞር፣ የሚወድቅ፣ ዓይኑ ከጎን ወደ ጎን የሚንቀጠቀጥ፣ የፊቱ አንድ ወገን የወደቀ ውሻ በሽታው መካከለኛው ወይም ውስጠኛው ጆሮ ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ጆሮ ቅጠሉ ድንገት ለስለስ ብሎ እንደ ትራስ ማበጥ ነው። ብዙ ከማራገፉ የተነሳ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተበጥሶ ደም ቋጥሯል። በመርፌ ራሳችሁ አትብሱት፤ መልሶ ይሞላል፣ ይመረቅዛልም። ሐኪሙ ደሙን አውጥቶ ያራገፈበትን ምክንያትም አብሮ ያክማል፣ ያለዚያ በሳምንቱ ይደገማል። እስኪደርስ ድረስ እንዳያክ የፕላስቲክ ኮን አንገቱ ላይ አድርጉለት።

የጆሮ ጫፍ ቁስልና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች

ጆሯቸው የቆመ የግቢ ውሾች፣ በተለይ ጀርመን ሸፐርድ፣ የጆሯቸው ጫፍ ደም እየቋጠረ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ይሄ የውስጥ በሽታ አይደለም፣ የሚናከስ ዝንብ ነው። ቅርፊቱን ለብ ባለ የጨው ውኃ አለስልሳችሁ አንሱ፣ አድርቁ፣ ጫፉ ላይ ቫዝሊን በስሱ ቀቡ፤ ዝንቡ አይቆምበትም። ዋናው ግን የታሰረበትን ቦታ ማጽዳት ነው፤ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሳ፣ የምግብ ዕቃው ይታጠብ፣ እርጥብ ጭድ አይከመር። ቁስሉ ውስጥ ትል ካያችሁ ግን ወደ ሐኪም።

አንዳንድ ሰው ቡችላው ቁጡ እንዲሆን ብሎ ጆሮውን ይቆርጠዋል። ቁጡ አያደርገውም። ከኢንፌክሽንም አያድነውም፤ እንዲያውም ዝናብና አቧራ ቀጥ ብለው ይገቡበታል።

ስታጥቡት ከመጀመራችሁ በፊት ጥጥ በመግቢያው ላይ ለቀቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ውስጥ ሳትወትፉ። ስትጨርሱ ማውጣት እንዳትረሱ፣ ተረስቶ የቀረ ጥጥ የሣር ዘሩን ሥራ ይሠራል። ጭንቅላቱን በጆግ አታፍስሱበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጆሮው ውስጥ ፀጉር የሚያበቅሉ እንደ ፑድል ያሉ ዝርያዎች ካሏችሁ ደግሞ ጆሮው ደህና እስከሆነ ድረስ ፀጉሩን አትንቀሉ፣ የተነቀለበት ቦታ ራሱ ይቆጣል፤ አየር የሚዘጋ ከሆነ መግቢያው ላይ ያለውን በመቀስ ማሳጠር ይበቃል።